ያሻሻልኩት መስሎኝ ያናወጥኩት የኃይል ቦርድ

ባለፈው ክረምት አንድ ዘመዴ ከሶላር ባትሪ 12 ቮልት ተቀብሎ ለራውተርና ለስልክ ቻርጅ 5 ቮልት የሚያወጣ ትንሽ ቦርድ እንድጠግንለት አመጣልኝ። አይሲው (ማብሪያውን በፍጥነት እያበራና እያጠፋ ቮልቴጁን የሚያወርደው ቺፕ) በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ የሚገኘው ኤልኤም2596 ነበር፤ ጥፋቱም ቢሆን ምርመራ አላስፈለገውም፣ የውጤቱ፣ ማለትም 5 ቮልቱ በሚወጣበት በኩል ያለው፣ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር አናቱ አብጦ ነበር። ተመሳሳዩን ገዝቼ ብተካው ኖሮ ሥራው በግማሽ ሰዓት ያልቅ ነበር። እኔ ግን ዳግመኛ እንዳያብጥ ብዬ የነበረውን 220 ማይክሮፋራድ አንሥቼ ሁለት ባለ 22 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተሮች አስገባሁ፤ የመግቢያውንም እንዲሁ በአንድ ባለ 10 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ ለወጥኩት፤ ሬዲዮ ላይ የሚሰማውን ጩኸት ይቀንሳል ብዬም ከባትሪው በኩል ባለ 47 ማይክሮሄንሪ ኮይል ጨመርኩ።

ቦርዱ ያለ ጭነት ሲሠራ መልቲሜትሩ ትክክለኛ 5 ቮልት አነበበ። 2 አምፒር ሳሸክመው ግን ኮይሉ በቀጭኑ ያፏጭ ጀመር፣ ራውተሩም በየደቂቃው እየጠፋ ይነሣ ነበር። መልቲሜትሩ አሁንም 5 ቮልት ይላል፤ አማካዩን ብቻ ስለሚያሳይ እንዲህ ባለ ችግር ላይ ምስክርነቱ አይጠቅምም።

የቮልቴጁን ሞገድ በሚያሳየው ኦስሲሎስኮፕ ላይ ሳየው መጀመሪያ የጠየቅኩት የሞገዱ ፍሪኩዌንሲ ስንት እንደሆነ ነው፤ በእኔ አስተያየት የዚህ ሥራ ግማሹ ይኸው ጥያቄ ነው። ኤልኤም2596 በ150 ኪሎኸርዝ ስለሚቀያይር በዚያው ፍሪኩዌንሲ የሚታይ ሞገድ ሪፕል የሚባለው፣ ከመቀያየሩ የሚቀረው የተለመደ መዋዠቅ ነው፤ ወይም ደግሞ የፕሮቡ (የመለኪያው ጫፍ) ረጅም የመሬት ሽቦ እንደ አንቴና የለቀመው ነው፣ ሽቦውን ነቅሎ በአጭር ስፕሪንግ መለካት ወዲያው ይለየዋል። ሞገዱ በመቀያየሪያው ፍሪኩዌንሲ ግማሽ ላይ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ከፍተኛውን ከረንት እየተከተሉ የሚቆጣጠሩ አይሲዎች ማብሪያው ከዑደቱ ግማሽ በላይ በርቶ ሲቆይ የሚያመጡት ሌላ በሽታ ነው፣ መድኃኒቱም ለመቆጣጠሪያው ምልክት በየዑደቱ የሚወጣ ተዳፋት መጨመር ነው። የእኔው አይሲ የሚቆጣጠረው ቮልቴጅን ስለሆነ ይህ አይመለከተውም። ያየሁት ሞገድ 12 ኪሎኸርዝ ገደማ ነበር፤ ከመቀያየሪያው በብዙ የሚያንስ፣ ጆሮም የሚሰማው። እንዲህ ያለ ሞገድ በውጤቱ ላይ ሲታይ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከግብረ መልሱ ሉፕ ነው፤ አይሲው ውጤቱን እያየ ራሱን ከሚያርምበት ዑደት ማለት ነው።

የውጤቱ ኮይልና ካፓሲተር በአንድ ላይ ሆነው ከተፈጥሮ ፍሪኩዌንሲያቸው በላይ ያለውን ምልክት እስከ 180 ዲግሪ ያዘገዩታል። ሉፑ ስህተቱን ለማረም የሚልከው ትእዛዝ እንዲህ ዘግይቶ ከደረሰ ማረሙ ቀርቶ ያባብሳል። ይህን መዘግየት የሚቀንሰው በካፓሲተሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ሬዚስታንስ ናት፤ ኢኤስአር የምንላት፣ ሁላችንም እንደ ጉድለት የምንቆጥራት። የድሮው 220 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ኢኤስአር 0.1 ኦም ቢሆን፣ ይህች እርዳታ ከ7 ኪሎኸርዝ አካባቢ ጀምራ ትሠራለች፤ ሉፑ በሚፈልጋት ቦታ ማለት ነው። የሴራሚኮቹ ግን ጥቂት ሚሊኦም ብቻ ስለሆነ እርዳታዋ የሚጀምረው ከ1 ሜጋኸርዝ በላይ ነው፤ ሉፑ እዚያ ከመድረሱ በፊት ይናወጣል። በዚህ አይሲ ውስጥ ያለው ማካካሻ (ሉፑን ለማረጋጋት የተሠራው ክፍል) ደግሞ በውስጡ የታሸገ በመሆኑ ከውጭ ሊያስተካክሉት አይቻልም። አይሲውን የነደፉት መሐንዲሶች ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተርን አስበው ሠርተውታል፤ የአምራቹ ዳታሺትም (የአይሲው መግለጫ ሰነድ) እጅግ ዝቅተኛ ኢኤስአር ሉፑን ሊያናውጥ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። አላነበብኩትም ነበር።

220 ማይክሮፋራዱን ኤሌክትሮሊቲክ መልሼ ስበይደው ፉጨቱ ቆመ። ደስ ብሎኝ ልዘጋው ስል ግን ፕሮቡን በመግቢያው ላይ አስቀመጥኩና ሌላ ሞገድ አገኘሁ፤ ከ8 ኪሎኸርዝ ብዙም የማይርቅ። እስካሁን የማየው ውጤቱን ብቻ ስለነበር ይህኛው በመጀመሪያው ጩኸት ተሸፍኖ ሳይኖር አልቀረም።

ይህኛውን ለመረዳት ትንሽ ስሌት ያስፈልጋል። የኃይል መቀየሪያ ጭነቱ እስካልተለወጠ ድረስ የሚበላው ኃይል አይለወጥም፤ ስለዚህ የመግቢያው ቮልቴጅ ሲወርድ ከረንቱን ጨምሮ ይስባል። ተራ ሬዚስተር ከሚያደርገው ተቃራኒ ስለሆነ ባለሙያዎች ኔጌቲቭ ሬዚስታንስ ይሉታል። 10 ዋት በ80 ከመቶ ብቃት ሲወጣ መግቢያው 12.5 ዋት ነው፤ በ12 ቮልት ሲሰላ ይህ ሬዚስታንስ ኔጌቲቭ 11.5 ኦም ይሆናል። የጨመርኩት ኮይልና የ10 ማይክሮፋራዱ ሴራሚክ ደግሞ (ሁለቱ አብረው የመግቢያው ማጣሪያ ናቸው)፣ በመንገዳቸው ያለው ሬዚስታንስ 0.15 ኦም ብቻ ነው ብንል፣ በተፈጥሮ ፍሪኩዌንሲያቸው ላይ የሚያሳዩት ኢምፒዳንስ፣ ማለትም ለሚለዋወጥ ከረንት ያላቸው ተቃውሞ፣ 31 ኦም ያህል ይደርሳል። ሴራሚኩ 12 ቮልት ሲጫንበት ዐቅሙ ስለሚቀንስ እውነተኛው ቁጥር ከዚህም ይብሳል። የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋሙ ሚድልብሩክ በ1976 እ.ኤ.አ. ያሳየው መመዘኛ የማጣሪያው ኢምፒዳንስ ከመቀየሪያው መግቢያ ኢምፒዳንስ በእጅጉ እንዲያንስ ይጠይቃል፤ የእኔው ግን በሦስት እጥፍ ገደማ በልጦ ነበር።

የሚገርመው መፍትሔውም ያው የናቅሁት ዕቃ ሆነ። ከሴራሚኩ ጎን አንድ ተራ 100 ማይክሮፋራድ ኤሌክትሮሊቲክ ጨመርኩ። ዐቅሙ የሴራሚኩ አሥር እጥፍ ሲሆን፣ ለዚህ ማጣሪያ ስሌቱ የሚሰጠው ተስማሚ ሬዚስታንስ 0.8 ኦም ገደማ ነው፤ ርካሽና ትንሽ ኤሌክትሮሊቲክ ደግሞ ከዚህ ብዙ የማይርቅ ኢኤስአር አለው። ውድ የሆነውን፣ ኢኤስአሩ ዝቅተኛ የሆነውን ብመርጥ ኖሮ ሞገዱን ማርገቡ ይደክም ነበር። በዚህ ቦታ ብልጫ ያለው ዕቃ ሻጩ ርካሹ ነው ብሎ የሚያፍርበት ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ሬዚስተርና እንደ ፈጣን ማብሪያ የሚያገለግል ሞስፌት አገናኝቼ ጭነቱን በድንገት ከ0.5 ወደ 2 አምፒር እያዘለልኩ ውጤቱን ተመለከትኩ። ሉፑን በትክክል የሚለካ መሣሪያ ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ ፈተና አላውቅም፤ ቮልቴጁ አንዴ ወርዶ ከተመለሰ ሉፑ ጤነኛ ነው፣ አራት አምስት ጊዜ ከተወዛወዘ ደግሞ ዛሬ ባይጮኽም ሙቀት ወይም ዕድሜ ሲጨመርበት ሊጮኽ ይችላል። የእኔው አንዴ ወርዶ፣ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ረጋ።

ኤሌክትሮሊቲክ በብርድ ኢኤስአሩ ስለሚጨምር፣ የዘመዴም አገር ሌሊቱ ብርዳም ስለሆነ፣ ቦርዱን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት አውጥቼ ሳይሞቅ ያንኑ ፈተና ደገምኩት፤ ሪፕሉ በመጠኑ ጨምሯል፣ የሞገዱ ቅርጽ ግን አልተለወጠም። በማግስቱ ለዘመዴ ላክሁለት፤ ሁለቱን ሴራሚኮችም ወደ ሳጥናቸው መለስኳቸው።