ስፖንሰሩም መስመር ላይ ይግባ

የምሠራው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያለች አንዲት ጠባብ ቢሮ ውስጥ ነው፣ ድሮ ፒያሳ ነበርን በልማት ተነስተን ነው እዚህ የመጣነው። ሥራችን ካናዳ ያለ ሰው ቤተሰቡን ወደዚያ ለመውሰድ ኃላፊነት የሚወስድበትን የስፖንሰር ፎርም መሙላት፣ ማስተርጎም፣ የጎደለ የወሳኝ ኩነት ወረቀት ማስጨረስ ምናምን ነው። ቪዛ የምንሰጠው እኛ አይደለንም (ይሄን በቀን ስንቴ እንደምናገረው)። ቪዛው ሲመጣ ደግሞ ለተጓዡ አንድ ከሰዓት ቁጭ አድርገን እዚያ ስለሚጠብቀው ኑሮ እናወራዋለን፣ እሱ በነፃ ነው፣ አለቃችን ጋሼ "ምርቃት" ይለዋል።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ከሰባት ዓመት ልጇ ጋር መጣች፣ ባሏ ካልጋሪ ነው፣ ሚስቱንና ልጁን ስፖንሰር አድርጎ ፕሮሰሱ አልቋል። እኔም እንደለመድኩት ስለ ብርዱ ስለ ባንክ ስለ ልጅ ትምህርት ቤት እያልኩ እለፈልፋለሁ፣ ሴትየዋ ራሷን ትነቀንቃለች ግን እየሰማችኝ እንዳልሆነ ያስታውቃል፣ በመሀል ልጅቷን "እስቲ ውጪ ያለችውን አክስቴን ውሃ ስጪኝ በያት" ብላ ላከቻትና "እህቴ፣ 3 ዓመት ሳይሞላኝ ብንጣላ ይመልሰኛል አይደል?" አለችኝ።

ማን አለሽ ስላት "እሱ" አለች። በክፋት አይደለም አለች ወዲያው፣ እንድጠነቀቅለት ነው።

በቃ ደውይለት አልኳት። እኛ ጋ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው እዚያ ከጠዋቱ 12፣ ሰውየው ከሌሊት ሺፍት መውጣቱ ነበር፣ መኪና ውስጥ ሆኖ አነሳው፣ ባጁ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ዓይኑ ቀልቷል። ስልኩን ስቴፕለሩ ላይ አስደግፈን ሦስታችን ማውራት ጀመርን። ሲያስረዳኝ ረጋ ብሎ ነው፣ "እህት፣ 3 ዓመት በኔ ስም ናት፣ ከመንግስት አንድ ነገር ከነካች ሂሳቡ እኔ ላይ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ትምህርትም ሌላም የመንግስት ነገር አትሂጂ ብያታለሁ፣ 3 ዓመቱ ይለፍ ትደርስበታለች፣ ለጊዜው ቤት ትረፍ፣ እኔ ሁለት ሥራ እየሠራሁ ነው ምንም አይጎድልባትም።"

መጥፎ ሰው ቢሆን እኮ ይቀል ነበር። ችግሩ ከተናገረው ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ለሚስት የሚፈረመው ግዴታ 3 ዓመት ነው፣ ፒአር (ቋሚ ነዋሪ) ሆና ከገባችበት ቀን ይጀምራል፣ ቢጣሉም ቢፋቱም ሥራ ቢያጣም አይቀርለትም፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ዌልፌር (መንግስት ለተቸገረ ሰው የሚሰጠው መኖሪያ ብር) ከወሰደች ደግሞ መንግስት እሱን ነው ክፈል የሚለው። እስከዚህ ልክ ነው። ግን የእንግሊዝኛ ክላሱ ዌልፌር አይደለም፣ የጤና ካርዱ ዌልፌር አይደለም፣ ለልጅ የሚሰጠው ወርሃዊ ብርም አይደለም፣ ሰውየው ግን ሁሉንም አንድ ላይ ጠቅልሎ "የመንግስት ነገር" ብሎ ዘግቶባታል።

መመለሱም ቢሆን ዝም ብሎ ከሜዳ የመጣ ወሬ አልነበረም። ከፈረንጆቹ ኦክቶበር 2012 እስከ ኤፕሪል 2017 ድረስ ካናዳ አዲስ ለተጋቡ፣ ልጅ ለሌላቸው ሰዎች 2 ዓመት አብራችሁ ካልኖራችሁ ፒአሩ ይነሳል የሚል ሕግ ነበራት፣ ተሽሯል። ያኔ የገቡት ሰዎች ግን የተነገራቸውን ዛሬም እያወሩ ነው፣ ለሰውየው ይሄን የነገረው ጓደኛውም አንዱ ነው፣ 2ቱ ዓመት በመንገድ ላይ 3 ሆኖ ደርሶታል። ይሄን ስነግረው "አሁን የለም?" አለ። የለም። ሴትየዋ ያን ጊዜ ወንበሯን ወደ ስልኩ አስጠጋች።

ከዚያ ፋይሏን ከፈትኩና አይ ኤም ኤም 1344ን አወጣሁ፣ ሁለቱም የፈረሙበት ፎርም ነው፣ ሁለቱም አላነበቡትም (ማን ያነባል?)። እሱ ምግብ፣ ልብስ፣ ቤት፣ የጥርስና የዓይን ሕክምና ሳይቀር ሊያሟላላት ቃል ገብቷል፣ እሷ ደግሞ ራሷን ለመቻል የምትችለውን ሁሉ ልታደርግ ቃል ገብታለች። እያነበብኩ በአማርኛ ስነግራቸው "ቆይ፣ እኔም ፈርሜያለሁ?" አለች። ይኸው ፊርማሽ አልኳት። ቤት ትረፍ ያላት ሰውዬ አትረፍ የሚል ወረቀት ላይ ነው አብሯት የፈረመው።

እሱን የያዘው ግን የቀጣዩ ነገር ነው። ነፃው የእንግሊዝኛ ክላስ፣ ሊንክ የሚሉት፣ ለፒአር ነው፣ ዜግነት የወሰደ ሰው አይገባም። ዜግነት ለመጠየቅ ደግሞ 1,095 ቀን እዚያ መኖር ነው የሚያስፈልገው፣ ማለትም ያው 3 ዓመት። "ትደርስበታለች" ያለው ክላስ ልክ እሷ ስትደርስ ነው ሊዘጋባት የሚችለው። ሰውየው ዝም አለና "ለካ ለዚህ ነው!" አለ። አምና ዜግነት ካገኘ በኋላ ያቋረጠውን ክላስ ልቀጥል ብሎ ሄዶ አይሆንም ብለው መልሰውታል፣ እሱ ሥራ ስለሚሠራ መስሎት ነበር። ሌሊት እየሠራ ሌቭል 3 ላይ ነው ያቋረጠው። "እሷ በገባች በሳምንቱ ትመዝገብ" አለ፣ ከዚያ ሕፃን መያዣ ያለው ማዕከል እንዴት እንደሚፈለግ ጠየቀኝ፣ ልጅቷ እኮ ሰባት ዓመቷ ነው ትምህርት ቤት ናት አልነው፣ ሳቀ።

በማግስቱ ለጋሼ ከእንግዲህ ስፖንሰሩ መስመር ላይ ካልገባ ምርቃቱ ግማሽ ነው አልኩት። ደስ አላለውም፣ ሰዓቱ አይመችም፣ ሰው ሥራ ላይ ነው፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ሁሉም እውነት ነው። ግን አስቡት፣ ብሩን የሚልክልን ስፖንሰሩ ነው፣ ፕሮሰሱ እስኪያልቅ "የት ደረሰ?" እያለ የሚደውለው እሱ ነው፣ ከኤርፖርት የሚቀበላትም፣ ባንክ የሚወስዳትም፣ ይሄ ይቻላል ያ አይቻልም የሚላትም እሱ ነው፣ እና ምንም ሳናወራው የቀረነው እሱን ብቻ ነው።

በግሩፕ ስፖንሰር፣ ማለትም ካናዳ ያሉ ሰዎች ተሰባስበው ኃላፊነት ወስደውላቸው የሚሄዱ ስደተኞች በዚህ ይሻላሉ። የግሩፑ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ነው ኃላፊነት የሚወስዱት፣ ግን ገና ሲያመለክቱ ቤት የት፣ ልጆቹን ማን ያስመዘግባል፣ ቋንቋ የት ይማራሉ የሚል እቅድ ጽፈው ነው የሚያስገቡት። ካልጋሪ ላለ ባል ግን እንዲህ ያለ ነገር የሚጠይቀው የለም፣ ባል ነው ያውቃል ይባላል። እኛ ያንን አሳጥረን አንድ ገጽ አደረግነው፣ ባልና ሚስት ስልክ ላይ እያሉ አብረው ይሞሉታል፣ የመጀመሪያው ሳምንት ማን ምን ያደርጋል፣ ክላስ መቼ፣ የባንክ ካርዱ በማን ስም (እዚህች ላይ የሚነሳውን ጭቅጭቅ ብታዩ)።

አሁን የከበደኝ ልጆቻቸው ስፖንሰር የሚያደርጓቸው የእናቶችና የአባቶች ነው። እዚያ ግዴታው 20 ዓመት ነው። ባለፈው አንዱ ልጅ "እናቴ ፊት 20 ዓመት የሚለውን እለፉልኝ፣ ልጄን እዳ ውስጥ አልከትም ብላ ትቀራለች" ብሎ ለመነኝ። ጋሼ ፋይሉ የልጁ ነው ያለውን አድርጊ አለኝ፣ እኔ ደግሞ እማማ እኮ ፈርመውበታል አልኩት፣ የፈረሙበትን ሳያውቁ ሊሄዱ ነው? አልተስማማንም። ቀጠሯቸው ማክሰኞ ነው፣ ልጁን ቀድሜ ለብቻው ልደውልለትና ራሱ እንዲነግራቸው ላግባባው ነው።