«አንዱ አይበቃም ወይ?»

ዛሬ እህቴን መድኃኒቷን እንድትወስድ እዚህ ሜሪላንድ ወደ ክሊኒኳ አደረስኳት። ክሮንስ የሚባለው የአንጀት ሕመም አለባት። ኢንፍሊክሲማብ በደም ሥር ይሰጣታል፣ ቤት ደግሞ አዛታዮፕሪን ኪኒን ትውጣለች።

አጠገባችን ልጃቸውን ይዘው የመጡ እናት ነበሩ። አማርኛ ስናወራ ሰምተው ጠጋ አሉ። «የኔ ልጅ፣ ሁለቱም የሰውነትን መከላከያ ያደክማሉ አሉ። አንዱ አይበቃም ወይ?» ልጃቸውም እነዚሁ ሁለት መድኃኒቶች ታዘውለት ነበር፤ ሲሻለው ግን ኪኒኑን በራሱ አቁሟል።

እህቴ አስረዳቻቸው። ሰውነት ኢንፍሊክሲማብን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሊዋጋው ይችላል። ኪኒኑ ያንን ውጊያ ያበርዳል፣ መድኃኒቱም ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል። በ2010 እ.ኤ.አ. በወጣ ሶኒክ በተባለ ጥናት፣ ሁለቱን አብረው ከወሰዱ የክሮንስ ሕመምተኞች 57 በመቶ ያህሉ በ26ኛው ሳምንት ያለ ስቴሮይድ (ብግነት የሚያበርድ ሌላ መድኃኒት) ሕመሙ ጋብ ብሎላቸው ነበር። ኢንፍሊክሲማብ ብቻ ከወሰዱት 44፣ አዛታዮፕሪን ብቻ ከወሰዱት 30 በመቶ።

የሴትየዋ ስጋት ግን ከንቱ አይደለም። ኢንፌክሽን ይበረታል፤ በጣም አልፎ አልፎ፣ በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ፣ ከባድ የሊምፍ ካንሰር ታይቷል።

ከዚያ ነርሷ መጥታ «ቤተሰብ ውስጥ ቲቢ የታመመ አለ?» ብላ ልጁን ጠየቀችው። እናትየው ቀድመው «የለም!» አሉ። ትንሽ ቆይተው ወደ እህቴ ዞሩና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አባቱ አገር ቤት እያለን ታክሞ ነበር» አሉ።

ይሄ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ቲቢን እንደ ነውር መደበቅ ለምደናል። ኢንፍሊክሲማብ ግን ሳንባ ውስጥ ተኝቶ የቆየውን ቲቢ ሊቀሰቅሰው ይችላል። ቀድሞ ከታወቀ በኪኒን ይታከማል፣ ከዚያ የአንጀቱ ሕክምና ይቀጥላል። እህቴ እጃቸውን ይዛ «እማማ፣ አሁኑኑ እንንገራት» አለቻቸው። ነገሯት።