ከአፕግሬድ በኋላ ፕሮግራሙ አልነሳ ሲል

ሊኑክስ ላይ ፓኬጆች አፕግሬድ ከተደረጉ በኋላ እስከዚያ ድረስ ደህና ሲሠራ የነበረ ፕሮግራም «ሊብኤስኤስኤል.ኤስኦ.1.1ን መክፈት አልተቻለም፣ እንዲህ የሚባል ፋይል የለም» ብሎ እምቢ ይላል። ሊብኤስኤስኤል የኢንተርኔት ግንኙነትን የሚያመሰጥረው የኦፕንኤስኤስኤል ላይብረሪ ነው። ብዙ ሰው ወዲያው የሚሄድበት መንገድ አለ፦ አዲሱን ሊብኤስኤስኤል.ኤስኦ.3 ፈልጎ በድሮው ስም ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚያመለክት አቋራጭ) ማበጀት። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም።

አንድ ሼርድ ላይብረሪ (ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት የኮድ ፋይል) አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ስም ይገኛል። ተርሚናል ላይ የሚጻፍን መስመር የሚያስተናግደውን ሪድላይንን እንውሰድ። ኮዱ ያለበት እውነተኛው ፋይል ሊብሪድላይን.ኤስኦ.8.2 ነው። ወደ እሱ የሚያመለክተው ሲምሊንክ ሊብሪድላይን.ኤስኦ.8 ይባላል፤ ሶኔም የሚባለው ይህኛው ስም ሲሆን ላይብረሪው ውስጥም ተጽፎ ይገኛል። ቁጥር አልባው ሊብሪድላይን.ኤስኦ ደግሞ ኮምፓይል ሲደረግ ብቻ የሚፈለግ ነው፤ የሚመጣውም ከዴቭ ፓኬጁ ጋር ነው። ፕሮግራም ኮምፓይል ሲደረግ ሊንከሩ (ኮዱን ከላይብረሪ ጋር የሚያገናኘው መሣሪያ) ሶኔሙን ገልብጦ ፕሮግራሙ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ፕሮግራሙ ሲነሳ ሎደሩ (ላይብረሪዎቹን ፈልጎ ሜሞሪ ላይ የሚጭነው) የሚፈልገው ያንን ስም እንጂ «ተቀራራቢ» ነገር አይደለም።

የላይብረሪው ባለቤቶች ሶኔሙን የሚቀይሩት ፈንክሽን ሲያስወግዱ፣ የፈንክሽን ግቤቶችን ሲለውጡ ወይም የስትራክት (ሜሞሪ ላይ አብሮ የሚቀመጥ የዳታ ጥቅል) መጠን ሲቀይሩ ነው። በሌላ አነጋገር፣ በድሮው የተሠራ ባይነሪ (ኮምፓይል የተደረገ ፕሮግራም) ከአዲሱ ጋር እንደማይግባባ በይፋ እየተናገሩ ነው። በሲምሊንክ ስታታልሉት ከሚመጣው ሁሉ የሚሻለው ፕሮግራሙ ጨርሶ አለመነሳቱ ነው። ኦፕንኤስኤስኤል ለሲምቦሎቹ (ለፈንክሽኖቹ ስሞች) የቨርዥን ምልክት ስለሚያደርግ «ኦፕንኤስኤስኤል_1_1_0 የሚባል ቨርዥን አልተገኘም» ብሎ እዚያው ይቆማል። ምልክት የሌለው ላይብረሪ ሲሆን ግን ፕሮግራሙ ይነሳል፣ ትንሽ ይሠራል፣ ከዚያ ከስትራክቱ የተሳሳተ ቦታ ላይ አንብቦ ይወድቃል። የባሰው ደግሞ ሳይወድቅ የተበላሸ ዳታ መጻፉ ነው።

እንግዲያውስ መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ የጎደለውን ላይብረሪ የሚጠይቀው ማን እንደሆነ ነው። ለምሳሌ ከኢንተርኔት ዳታ የሚያወርደው ከርል ከሆነ «ኤልዲዲ /ዩኤስአር/ቢን/ከርል» ብላችሁ «ኖት ፋውንድ» የሚለውን መስመር ፈልጉ። ነገር ግን ኤልዲዲ የሚያሳየው የፕሮግራሙን ቀጥተኛ ፍላጎት ብቻ ሳይሆን የላይብረሪዎቹንም ፍላጎት ደራርቦ ስለሆነ ጥፋተኛውን አይነግራችሁም። እሱን የሚነግራችሁ «ሪድኤልፍ -ዲ» ነው፤ «ኒድድ» በሚሉት መስመሮች ላይ ፋይሉ ራሱ በቀጥታ የሚጠይቃቸውን ብቻ ይዘረዝራል። አንድ ጥንቃቄ፦ ኤልዲዲ አንዳንድ ጊዜ ፕሮግራሙን ራሱን ሊያስነሳው ስለሚችል፣ ምንጩን የማታምኑት ፋይል ከሆነ «ኦብጅዳምፕ -ፒ»ን ተጠቀሙ።

ይህ ልዩነት የት እንደሚጠቅም በከርል እንየው። ኡቡንቱ ከ20.04 ወደ 22.04 ተሻግሯል፤ ከርል ሊብኤስኤስኤል.ኤስኦ.1.1 የለም ይላል። ከርል ከዲስትሮው (ከኡቡንቱ ራሱ) የመጣ፣ አብሮ አፕግሬድ የተደረገ ፓኬጅ ነው፤ ታዲያ የድሮውን ለምን ይጠይቃል? በሪድኤልፍ ስታዩት ከርል የሚጠይቀው ሊብከርል.ኤስኦ.4ን እንጂ ሊብኤስኤስኤልን በቀጥታ አይደለም። ወደ ኤልዲዲ ተመልሳችሁ ሊብከርል.ኤስኦ.4 ከየት እንደተነሳ ስታዩ /ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ የሚል ታገኛላችሁ። ሚስጥሩ ይኸው ነው፦ ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ሊብከርልን ከሶርስ ኮምፓይል አድርጎ እዚያ አስቀምጦታል። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ሎደሩ ያንን ፎልደር ከዲስትሮው ፎልደር ያስቀድማል፤ የፓኬጅ ማኔጀሩ ደግሞ ፋይሉን ስለማያውቀው አፕግሬድ አያደርገውም። «ዲፒኬጂ -ኤስ» (በትልቁ ኤስ) በፋይሉ ስም ብትጠይቁት የማንም ፓኬጅ እንዳልሆነ ያረጋግጥላችኋል።

መፍትሔው ሊብኤስኤስኤልን ማምጣት ሳይሆን ያንን አሮጌ ሊብከርል ከመንገድ ማንሳት ነው። አትሰርዙት፤ ሎደሩ ወደማያየው ፎልደር አዛውሩት፣ በሩት መብት የሎደሩን ካሽ የሚያድሰውን «ኤልዲኮንፊግ» አስኪዱ፣ ከዚያ ኤልዲዲን ድገሙት። አሁን ሊብከርል ከ/ሊብ/ኤክስ86_64-ሊኑክስ-ጂኤንዩ መነሳት አለበት። «ታይፕ -ኤ ከርል» ብላችሁ /ዩኤስአር/ሎካል/ቢን ውስጥ ሌላ ከርል አለመኖሩንም እዩ፤ ላይብረሪውን ኮምፓይል ያደረገ ሰው ፕሮግራሙንም ሳይጭን አይቀርም።

ፋይሉ ዲስኩ ላይ እያለ ሎደሩ ካላገኘው ጉዳዩ የፍለጋ መንገድ ነው። ሎደሩ የሚሄድበት ቅደም ተከተል ይታወቃል፦ ባይነሪው ውስጥ የተጻፈ የፎልደር አድራሻ (አርፓዝ)፣ ከዚያ ተጠቃሚው የሚያስቀምጠው ቫሪያብል ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ፣ ከዚያ ራንፓዝ (እሱም ባይነሪው ውስጥ የሚጻፍ)፣ ቀጥሎ የኤልዲኮንፊግ ካሽ፣ በመጨረሻ ነባሪዎቹ /ሊብ እና /ዩኤስአር/ሊብ። ራንፓዝ ካለ አርፓዝ አይታይም። «ኤልዲኮንፊግ -ፒ» ካሹ ውስጥ ያለውን ያሳያችኋል። ፎልደሩ ካልተካተተ /ኢቲሲ/ኤልዲ.ኤስኦ.ኮንፍ.ዲ ውስጥ የፎልደሩን አድራሻ የያዘ ባለ አንድ መስመር ፋይል ጨምሩና ኤልዲኮንፊግን አስኪዱ። ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝን ለመሞከሪያ እንጂ ፕሮፋይል ፋይል ውስጥ በቋሚነት አታስገቡት፤ ከዚያ በኋላ ከተርሚናል የሚነሳውን ፕሮግራም ሁሉ ስለሚነካ አንዱን አድናችሁ አሥሩን ታበላሻላችሁ። ሁሉም ነገር ግራ ሲገባ «ኤልዲ_ዲበግ=ሊብስ» አስቀድማችሁ ፕሮግራሙን አስነሱት፤ ሎደሩ የረገጠውን ፎልደር በሙሉ በተራ ይጽፍላችኋል። ይህን የማያውቅ ሰው ግማሽ ቀን በግምት ያጠፋል።

ኤልዲዲ የማያየውም አለ። የፒኤችፒ ኤክስቴንሽኖች፣ የፓም (የተጠቃሚ መግቢያ ማረጋገጫ) ሞጁሎችና የፓይተን ኤስኦ ፋይሎች የሚጫኑት ፕሮግራሙ ከተነሳ በኋላ ስለሆነ፣ ዋናው ባይነሪ ንጹህ መስሎ ይታያል። ኤልዲዲን በእነዚያ ፋይሎች ላይ ለየብቻ ማስኬድ ያስፈልጋል።

ጥገናው እንደ ዲስትሮው ይለያያል። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ አፕግሬዱ መሃል ላይ ተቋርጦ ከሆነ «አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል» ይበቃል፤ ፓኬጁ ተጭኗል እየተባለ ፋይሉ ከጠፋ ደግሞ በ«--ሪኢንስቶል» መልሱት። የትኛው ፓኬጅ ፋይሉን እንደሚያመጣ «አፕት-ፋይል» ይነግራችኋል፤ ፌዶራ ላይ ይህን የሚሠራው «ዲኤንኤፍ ፕሮቫይድስ» ነው። የጄንቱ ፓኬጅ ማኔጀር ፖርቴጅ አሮጌውን ላይብረሪ ተጠቃሚ እስካለው ድረስ ስለሚያቆየው፣ በ«ኢመርጅ» «@ፕሪዘርቭድ-ሪቢልድ»ን ማስኬድ ተጠቃሚዎቹን እንደገና ኮምፓይል ያደርጋል፤ የቀረ ካለ ሬቭዴፕ-ሪቢልድ ይለቅመዋል። አርች ላይ ግን ችግሩ በአብዛኛው ከሰውየው ነው፦ በአርች ፓኬጅ ማኔጀር «ፓክማን -ኤስዋይ» ብሎ አንድ ፓኬጅ ብቻ መጫን ከአዲስ ላይብረሪ ጋር የተሳሰረ ፕሮግራም በአሮጌ ሲስተም ላይ ያስቀምጣል። መድኃኒቱ ሙሉ «-ኤስዋይዩ» ነው፤ ከኤዩአር (ተጠቃሚዎች ከሚያዘጋጁት የአርች ስብስብ) የመጡትን እናንተው ትሠሯቸዋላችሁ። ፓክማን ራሱ ካልተነሳ በመጫኛው ፍላሽ ቡት አድርጋችሁ፣ ዲስኩን ማውንት አድርጋችሁ፣ የፍላሹን ፓክማን በ«--ሲስሩት» ወደ ዲስኩ ታዞሩታላችሁ።

ሶርስ ኮዱ የሌላችሁ፣ እንደገና ኮምፓይል የማይደረግ ፕሮግራም ሲሆን አሮጌውን ላይብረሪ ማምጣት ግድ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ሲስተሙ ላይ ሳይሆን በፕሮግራሙ የራሱ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡትና በ«ፓችኤልፍ» ራንፓዙን «$ኦሪጅን/ሊብ» (ፕሮግራሙ ካለበት ፎልደር ሥር ያለው ሊብ) አድርጉት። ሌላው ፕሮግራም ሁሉ ሳይነካ ይቀራል። የኦፕንኤስኤስኤል 1.1.1 የነፃ ድጋፍ በ2023 መስከረም (በፈረንጆቹ) ስላበቃ ግን ይህን ፕሮግራም ኢንተርኔት ፊት ማቆም አይመከርም።

«ጂሊብሲ_2.34 አልተገኘም» የሚለው መልእክት የተገላቢጦሽ ነው (ጂሊብሲ ፕሮግራሞቹ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚመኩበት መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ ነው)፤ እዚህ ያረጀው ሲስተሙ እንጂ ፕሮግራሙ አይደለም። ፕሮግራሙን በአሮጌ ሲስተም ላይ ኮምፓይል አድርጉት ወይም ኮንቴይነር ውስጥ አስነሱት። ጂሊብሲን ከሌላ ማሽን ገልብጦ መተካት ግን አይሞከርም፤ ኤልኤስ፣ ሲፒ፣ ሱዱ ሁሉም በአንዴ ይሞታሉ። ያ ከደረሰ የተከፈተውን የሩት ተርሚናል እንዳትዘጉት። ሼሉ ሜሞሪ ላይ ስላለ ሲዲ እና ኤኮ ይሠራሉ፤ «ኤኮ *» እንደ ኤልኤስ ያገለግላል። ሲምሊንክ ለመመለስ፣ ካለ፣ በስታቲክ የተሠራውን (ሼርድ ላይብረሪ የማይፈልገውን) /ኤስቢን/ኤስኤልኤን ወይም ስታቲክ ቢዚቦክስን ተጠቀሙ።

አፕግሬዱ ያለ ስህተት አለቀ ማለትም ሁሉም ደህና ነው ማለት አይደለም። ሲሠራ የነበረ ሰርቪስ የተሰረዘውን አሮጌ ላይብረሪ ሜሞሪ ላይ ይዞ ይቀጥላል፤ ብልሽቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ሰርቨሩ ሪስታርት ሲደረግ ነው፣ ያኔ ደግሞ አፕግሬዱን የሚያስታውስ የለም። /ፕሮክ ውስጥ በየፕሮሰሱ «ማፕስ» ፋይል ላይ ከኤስኦ ፋይል ስም ጎን «ዲሊትድ» የሚል ካለ ያ ሰርቪስ ገና አልታደሰም፤ ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ «ኒድሪስታርት» ይህን ራሱ ፈልጎ ይዘረዝራል። የተዘረዘሩትን እዚያው ሪስታርት አድርጉ፤ ከዚያ /ዩኤስአር/ሎካል/ቢን እና /ኦፕት ውስጥ ባሉት ባይነሪዎች ላይ ኤልዲዲን በሉፕ አስኪዳችሁ «ኖት ፋውንድ» የሚለውን በግሬፕ አጣሩ። ፓኬጅ ማኔጀሩ የማያያቸው ፋይሎች በብዛት የሚቀመጡት እነዚህ ሁለቱ ቦታዎች ውስጥ ነው።