አርባዋ ሳይወጣ

ዛሬ ከፍቶኛል። ለምን እንደሆነ ራሴን አልጠየቅኩም። ሐምሌ ነው፣ ማርቆስ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ ጭጋግ ነው። ከዚህ በላይ ምን ምክንያት ያስፈልጋል? የጮቄ ብርድ ሁሉ ወርዶ እኛ ቤት የሚያድር ይመስለኛል። ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ በላዩ ጋቢ ጣል አድርጌ፣ ከሰሉን ታቅፌ ቁጭ ብያለሁ። መብራት ከሄደ ሁለት ሰዓት አልፎታል። የስልኬ ባትሪ 31 ላይ ነው። እስኪዘጋ ልጻፍ።

ልጽፍ ያሰብኩት ስለ ድራማው ነው።

ትንሹ ወንድሜ ቅዳሜ ዕለት በፍላሽ አስጭኖ መጣ። ኤን ሲ አይ ኤስ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰው ሲገደል ገዳዩን የሚያድኑ መርማሪዎች ድራማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀምሮ እስካሁን አላለቀም። ወንድሜ ያኔ ጡት አልጣለም ነበር። "ከመጀመሪያው ክፍል ነው የምናየው" ብሎ ደነገገ። ክረምት ነው፣ ትምህርት ዝግ ነው፣ ሌላ ሥራ የለውም። እሺ አልን።

እማዬ እንግሊዝኛው አይገባትም። ወንድሜ እየተረጎመላት ነው የምታየው፤ እሱ ደግሞ ሲተረጉም ከራሱ ይጨምራል። ቢሆንም ከሁላችን ይበልጥ የገባት እሷ ናት። አለቃውን፣ ጊብስን፣ "ሽበቱ" ትለዋለች። ሽበቱ ከሥራ ሲመለስ ምድር ቤቱ ይወርድና ብቻውን ጀልባ ይሠራል። እማዬ ግድያውን ትታ ጀልባውን ነው የምትከታተለው። "ይሄን ሁሉ እንጨት በየት በኩል ሊያወጣው ነው? በሩ ጠባብ ነው እኮ!" እስካሁን መልስ አልሰጠናትም።

ታዲያ ሁለተኛው ሲዝን ማለቂያ ላይ ኬት ሞተች።

ኬትን እማዬ ወዳት ነበር። ፕሬዚዳንት ስትጠብቅ የነበረች፣ ቀጥ ያለች ልጅ ናት። ቶኒ የሚሉትን ለፍላፊ አደብ የምታስገዛው እሷ ነበረች። ጣሪያ ላይ ቆመው፣ ሁሉም ነገር አለቀ ሲሉ፣ ከሩቅ የመጣች አንዲት ጥይት ግንባሯን አገኘቻት። በቃ። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ከወንድሜ ጓደኞች አንዱ፣ ያ ረጅሙ፣ "ቆይ ትነሳለች" አለ። አልተነሳችም።

ወንድሜ ቀጣዩን ከፈተው። ዐሥር ሰከንድ አልፈጀበትም። ብዙም ሳይቆይ አንዲት የማናውቃት ሴት ቢሮው ውስጥ ገብታ ቆመች። ዚቫ ትባላለች። የእስራኤል የስለላ ድርጅት፣ የሞሳድ ሰው ናት።

"ይቺ ደግሞ ማን ናት?" አለች እማዬ።

"አዲሷ ናት። በኬት ቦታ የምትገባው።"

"አርባዋ ሳይወጣ!"

ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። እማዬ ግን አልሳቀችም። በዚህ መሀል ቀድሞ ያየው ልጅ (እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለበት ቤት የለም) አላስችል አለው። "ገና ምን አይታችሁ! የገዳዩ እህት ናት እኮ" ብሎ አፈነዳው። በዚያ ዝናብ ልናስወጣው ምንም አልቀረንም። ረጅሙ "ፊቷ ራሱ አያስጠላም?" አለ። ወንድሜ ከዚህ በኋላ አላይም ብሎ ሪሞቱን ወረወረ፤ ግን ሶፋው ላይ ነው የወረወረው፣ እንዳይሰበር ተጠንቅቆ። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ጠላኋት። አንድ ቃል ሳትናገር። አቋቋሟን ጠላሁት።

እማዬ ነገሩን በሌላ መንገድ ነው የያዘችው። "ደም ሳይደርቅ የገዳይን እህት ሟች ወንበር ላይ ያስቀምጣሉ? ሽማግሌ የላቸውም እነዚህ ሰዎች?"

"አዲሷ ዳይሬክተር ናት የምትመድባት" አለ ያ ቀድሞ ያየው።

"ሽበቱን ሳትጠይቅ?"

"ሳትጠይቅ።"

"አይ፣ እንግዲህ።" ተነስታ እንጀራውን ልትሸፍን ሄደች።

ተመልሳ ስትመጣ ግን ነገሩ ተቀይሮ ነበር። ገዳዩ የሽበቱ ምድር ቤት ገብቶ፣ ጀልባው አጠገብ መሣሪያ ደግኖበታል። ጥይት ተተኮሰ። የተኮሰችው ዚቫ ናት። ወንድሟን። እማዬ ቆማ ቀረች።

"ወንድሟን?"

"በእናት አይገናኙም እማዬ። በአባት ነው።"

"በአባትስ ቢሆን!"

ከዚያ ዚቫ ሬሳው አጠገብ ሆና በቋንቋዋ ታንጎራጉር ጀመር። ቤቱ ጸጥ አለ። ወንድሜም መተርጎሙን ተወው፤ የሚተረጎም አልነበረም። እማዬ አንገቷን እየነቀነቀች "አለቀሰችለት" አለች። "አልካደችውም።" ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዚቫ የእማዬ ልጅ ናት። አሁን ስትመጣ "መጣችልኝ" ነው የምትላት። እኛ ወጣቶቹ ግን ሁለት ቀን ሙሉ አኩርፈናል።

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው ይባላል። ድራማ ላይ የተገላቢጦሽ ነው። አዲስ ገጸ ባሕርይ መዳብ ሆኖ ይመጣና ወርቅ ሲሆን ይሄዳል። ወንድሜ መኝታ ክፍል ውስጥ በሹክሹክታ የነገረኝን ለእማዬ እንዳትነግሩብኝ። ዚቫም እ.ኤ.አ. በ2013 ትሄዳለች። በእሷ ቦታ ቢሾፕ የምትባል፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ወረቀት ዘርግታ እየበላች የምታስብ ልጅ ትመጣለች። ያኔ ደግሞ "እንደ ዚቫ የት ይገኛል" ይባላል። በ2021 ቢሾፕ ስትሄድ ለቢሾፕ ይለቀሳል። በዚያው ዓመት ሽበቱ ራሱ ይሄዳል! በእሱ ቦታ ፓርከር የሚባል ይመጣል። እማዬ እዚያ ከመድረሷ በፊት ፍላሹ ቢበላሽ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን አሰብኩ። ኬት የሞተችው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2005 ነው። ዚቫ የመጣችው በመስከረም። ኬትን ሆና የምትጫወተው ተዋናይት ሥራው ከብዷት ራሷ ጠይቃ ነው የወጣችው። እና ያኔ ሲተላለፍ ያዩት ሰዎች መሀል ላይ አራት ወር ነበራቸው። እኛ አገር ቢሆን ክረምቱ በሙሉ ማለት ነው። አርባዋ ወጥቷል፣ ሰማንያዋም ወጥቷል። እንባው ደርቆ፣ አደይ ሲያብብ ነው አዲሷ የመጣችባቸው። እኛ ግን ዐሥር ሰከንድ። ፍላሽ ሐዘን አያውቅም።

እና ስለዚህ ልጽፍ ነበር። ግን "አርባዋ ሳይወጣ" የሚለውን ስጽፍ እጄ ቆመ። እማዬ ይሄን ቃል ስትል የመጀመሪያዋ አይደለም።

እትዬ ዘ.ን ታስታውሷታላችሁ። በፊት ስለሷ ጽፌያለሁ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ በሩ ወደ ቧንቧው የሚያየው ክፍል ትኖር የነበረችው። ያረፈች ጊዜ ክፍሏ ተዘግቶ የቆየው ሦስት ሳምንት ነው። አርባዋ ሳይወጣ ተከራየ። እማዬ በሩ ሲከፈት አይታ ይሄንኑ ቃል ነው ያለችው፣ በዚሁ ድምፅ። የገባችው የሞጣ ልጅ ናት፣ አስተማሪ። አንድ ፍራሽ፣ አንድ ሻንጣ፣ አንድ ባልዲ። ግቢው ውስጥ "ምትኳ" የሚል ስም ወጣላት። ስሙን ማን እንዳወጣው አልናገርም። (እኔ ነኝ።)

የመጀመሪያው እሑድ ቡና ጠራናት። መጥራቱ ወግ ነው፣ አይቀርም። መጣችና ሄዳ እትዬ ዘ. የምትቀመጥበት በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። እዚያው። አታውቅም፣ ማን ይነግራታል? አምስት ሴቶች ነበርን፣ አምስታችንም ዝም አልን። ቆሎው ብቻ ይሰማል። ቀጂዋ እኔ ነበርኩ። ካሉት ሲኒዎች ጠርዟ የተሸረፈችዋን መርጬ አቦሉን ቀዳሁላት። ማንም አላየኝም። እሷ አየች። ሲኒዋን ዞር አድርጋ፣ በደህናው ጠርዝ በኩል ጠጣች። ቶናውንም፣ በረካውንም። "ተባረኪ" ብላ ሄደች።

ስለዚህች ሲኒ እስከዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ያሳፈረኝ ደግሞ ሌላ ነው። እትዬ ዘ.ን በሕይወት ሳለች መቼ እንዲህ ወደድናት? በቧንቧው ቁልፍ ስንት ሳምንት ተኳርፈናል። ሰው ስታማ ቡናው ይበርድ ነበር፣ እኛም ስትወጣ እሷን እናማት ነበር። በርጩማው እንኳ የሷ አልነበረም፣ የእኛ ነው። ከሞተች በኋላ ነው ቅድስት ያደረግናት፣ ያቺን የሞጣዋን ልጅ የምንለካበት እንድናገኝ።

ነገሩ እንደዚህ ከሆነ ከተማዋም አዲስ ገጸ ባሕርይ ናት። ድሮ ምንቆረር ነበር የምትባለው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ካሠሩ በኋላ ነው ደብረ ማርቆስ የሆነችው። የዚያን ጊዜ አንዲት ሴት ቡና አጠገብ ቁጭ ብላ "ምንቆረርን የመሰለ ስም እያለ" ብላ ሳታኮርፍ አትቀርም። አሁን "ምንቆረር" ስንል ደስ የሚለን እኛ ነን፣ ኖረንበት የማናውቀው። ይሄን ለምን እንደጻፍኩት እንጃ። ባትሪ 19።

ትናንት ዝናቡ ሲጀምር፣ ያ ቆርቆሮውን የሚደበድበው ዓይነት፣ ሳላስበው "መጣ ባለቤቱ!" አልኩ። ከዚያ ትዝ ብሎኝ "እትዬ ዘ. እንደምትለው" ብዬ ጨመርኩበት።

እማዬ ሽንኩርቷን እየከተፈች "ኧረ እሱ የሞጣዋ ልጅ ቃል ነው" አለች።

"እንዴ! የእትዬ ዘ. ነው እንጂ።"

"እትዬ ዘ. ዝናብ ሲመጣ 'ልብሴን!' እያለች ነበር የምትሮጠው። ይሄን ያመጣችው ይቺ ናት።"

ተከራከርን። ማርቆስን ብዬ ማልኩ። አሁን ሳስበው እማዬ ልክ ሳትሆን አትቀርም። ድምፁ የማን እንደሆነ ለማስታወስ ዓይኔን ጨፍኜ ብሞክር፣ በርጩማው ላይ የተቀመጠችው አንዴ አንዷ ናት፣ አንዴ ሌላዋ። ለዚች ሴት ብዬ ነው ያንን ሁሉ ያኮረፍኩት? ድምጿን እንኳ በቅጡ ላልያዝኩላት?

የሞጣዋ ልጅ ሦስት ዓመት ተቀመጠች። የተሸረፈችውን ሲኒ አሁን ራሷ አንስታ ነው የምትወስደው። ሌላ ሰው በስህተት ከያዘባት "የኔ ናት" ብላ ትቀማለች። ታውቅ ይሆን ያኔ መርጬ እንደሰጠኋት? ታውቃለች። የሞጣ ልጅ ይሄ ይጠፋታል?

እሺ። ከፍቶኛል ያልኩት ለዚህ ነው መሰለኝ። ዝውውሯ ወጥቶላታል፣ ባሕር ዳር። ሐሙስ ትሄዳለች። አንድ ፍራሽ፣ ሁለት ሻንጣ፣ ሦስት ባልዲ። ደስ ብሏታል፣ እዚያ እኮ ሙቀት ነው፣ የኛን ሹራብ ጥላው ነው የምትሄደው። እኔም ደስ ብሎኛል ብያታለሁ። ሲኒዋን ጠቅልዬ ልስጣት አሰብኩ። ግን የተሸረፈ ሲኒ ስጦታ ይሆናል? ምን ብዬ ነው የምሰጣት? "ይቅርታ" ልላት ነው ወይስ "ማስታወሻ"?

ዛሬ ከሰዓት ክፍሉን ሊያይ ሰው መጣ። ፍራሿ ገና አልተጠቀለለም። አከራያችን በሩን ከፍታ ታሳየዋለች፣ እሷ ውስጥ ቆማ ልብስ ታጥፋለች። እማዬ በመስኮት አየችና "አርባዋ ሳይወጣ!" አለች።

"እማዬ፣ አልሞተችም እኮ። ባሕር ዳር ነው የምትሄደው።"

"ቢሆንም።"

ሰውየውን እኔ በደንብ አላየሁትም። በመጋረጃው ስር ጫማው ብቻ ነው የታየኝ። ሹል ነው፣ ቡናማ፣ ጭቃ ያልነካው። በሐምሌ፣ በማርቆስ፣ ጭቃ ያልነካው ጫማ!

ስም አውጥቼለታለሁ።