ቤቱ የቀበሌ፣ ኪራዩ የግለሰብ፦ ደብረ ማርቆስ ላይ ገንዘቤን ያስመለስኩበት መንገድ

ደብረ ማርቆስ ላይ ቤት የሚፈልግ ሰው ደላላውን የሚጠይቀው የታወቀ ነው፦ ኪራዩ ስንት ነው፣ ውሃ አለው ወይ፣ ግቢው ሰው ይበዛበታል ወይ። «ቤቱ የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቁልፉን የያዘው ሰው ባለቤት ነው፣ አለቀ።

በ2014 ዓ.ም. የተከራየሁበት ግቢ ዋናው ቤት የቀበሌ ነበር። አከራዬ በሟች እናቱ ስም የሚጠራውን ቤት በጣውላ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለእኔ ሰጠኝ። ጓሮው ላይ ደግሞ ያለ ፈቃድ የጭቃ ክፍሎች መርጎ ለተማሪዎች ያከራያል። የእኔ ክፍል ኮርኒሱ የማዳበሪያ ጆንያ ነው። ነፋስ ሲነሳ ያብጣል፣ ሌሊት አይጥ ስትሮጥበት ጥፍሯ ይሰማል። ለዚህ በወር 1500 ብር እከፍላለሁ። መብራት የሚታሰበው በአምፖል ነው፤ ምጣድ ክልክል፣ ካውያ በልመና። አንድ ቀን ከመብራት ቢሉ ጋር ተጣጥፎ የመጣ የቀበሌ ኪራይ ደረሰኝ አየሁ። ሰውዬው ለቤቱ የሚከፍለው ለአንድ ኪሎ ቡና እንኳ አይበቃም።

ነገሩ ሥሩ ሩቅ ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራያቸውም ለብዙ ዓመታት እዚያው አካባቢ ቆየ። ስለዚህ የቀበሌ ቤት የደረሰው ሰው ቆርሶ ማከራየት ያጓጓዋል። አይፈቀድለትም፤ ከተደረሰበት ውሉ ይፈርሳል፣ ቤቱንም ቀበሌው ይረከባል። ግን ስንቱ ግቢ እንዲህ እንደሚኖር ጎረቤት ሁሉ ያውቃል።

ጠቡ የተነሳው ጥቅምት ላይ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲገባ ነው። 2200 ካልሆነ አለኝ።

«ጋሼ፣ እስከ ጥር ከፍያለሁ እኮ!»

«የከፈልሽው በድሮው ዋጋ ነዋ መምህርት። ካልተስማማሽ ልቀቂ፤ ሰው ወረፋ ይዟል።»

አልለቅም አልኩ። በማግስቱ የቧንቧው ራስ በሰንሰለት ታስሮ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበት አገኘሁት። ቀጥሎ የእኔ ክፍል መስመር ብቻ ከቆጣሪው ተነቀለ። የተማሪዎቹ አምፖል ይበራል፣ እኔ በሻማ ደብተር አርማለሁ።

የሰማ ሁሉ የሰጠኝ ምክር አንድ ነው፦ «ለቀበሌ ጠቁሚበትና ይንጠቁት!» አንጀት ያርሳል፣ አልክድም። ግን ቀበሌ ሄጄ፣ የቤት ቁጥር ሳልጠራ፣ እንዲህ ያለ ነገር ቢያጋጥም ተከራዩ ምን ይሆናል ብዬ የቤቶች ባለሙያውን ጠየቅሁት። ቤቱ ይታሸጋል፤ ሁለተኛው ተከራይ ከቀበሌው ጋር ውል ስለሌለው ዕቃውን ይዞ ይወጣል፤ ያለ ፈቃድ የተሠራው ይፈርሳል። መጀመሪያ ሜዳ ላይ የምወድቀው እኔ ነኝ ማለት ነው፤ ከእኔ ጋር ምንም ያላጠፉት የጓሮ ልጆች።

በዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት በኩል በነጻ ምክር የሚሰጥ ወጣት የሕግ ባለሙያ አገኘሁ። የመጀመሪያ ቃሉ፣ «ገንዘቤን ካልመለስክ እጠቁምብሃለሁ ብለሽ በመልእክትም በቃልም እንዳትናገሪ፤ ማስፈራራት ተብሎ አንቺኑ ያስከስስሻል» የሚል ነበር። ከዚያ ምን መጠየቅ እንደምችል ከፋፍሎ አሳየኝ። የማይፈቀድ ቤት ላይ የተደረገ ውል ይጽናልኝ ብዬ ብከራከር አልረታም፤ ሕገ ወጥ በሆነ ጉዳይ ላይ የተደረገ ውል ውጤት እንደሌለው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1716 ይላል። ግን ውል ሲፈርስ ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ወደነበሩበት እንዲመለሱ ቁጥር 1815 ያዛል፤ ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ንብረት የበለጸገም ኪሣራውን እንዲመልስ ቁጥር 2162 አለ። ስለዚህ ያልኖርኩበት ወር ኪራይ የእኔ ገንዘብ ነው። ውሃና መብራቱን በተመለከተ ደግሞ በእጁ ያለው ይዞታ ላይ ሁከት የተነሳበት ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ሁከት ይወገድልኝ ብሎ መክሰስ ይችላል፤ ቁጥር 1149። ቤት የማስለቀቅ መብት ያለው ሰው እንኳ በፍርድ ቤት ያስለቅቃል እንጂ ጓጉንቸር አይገዛም።

ያዳነኝ ግን ከቁጥሮቹ ይልቅ ስልኬ ነው። ኪራይ የምከፍለው በባንክ ነበር፤ በምክንያቱ ቦታ «የኅዳር ኪራይ»፣ «የታኅሣሥ ኪራይ» እያልኩ እጽፋለሁ። ሰውዬው በጽሑፍ ውል አልፈርምም ያለው ማስረጃ እንዳይኖር ነበር፤ የባንኩ መልእክት ግን ስሙን፣ ቀኑንና ብሩን ይዟል። የታሰረውን ቧንቧና የተነቀለውን ሽቦ ፎቶ አነሳሁ። ፍርድ ቤት በር ላይ ከሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች አንዱ በአንድ ገጽ ማስጠንቀቂያ ጻፈልኝ፦ መብራትና ውሃ ይመለስ፣ ወይም የቀሪው ወር ኪራይ ይመለስልኝና ልልቀቅ፤ አለዚያ ወረዳ ፍርድ ቤት እንገናኝ። ስለ ቀበሌ አንድም ቃል የለበትም። መጻፍም አላስፈለገም፤ ፍርድ ቤት ከሄድን ዳኛው «ቤቱ የማን ነው?» ማለታቸው አይቀርም፣ እሱም ያውቃል።

ደብዳቤው ከደረሰው በኋላ ሽማግሌ የላከው እሱ ነው። ሽማግሌው የዕድሩ ሰብሳቢ ነበሩ፤ ሁለታችንንም ቡና አስቀርበው አስቀመጡን። አከራዬ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ እናቱ ተዝካር ብዙ አወራ። ሽማግሌው አዳመጡ፣ ፍንጃላቸውን አስቀመጡና፣ «ወንድሜ፣ ይች ልጅ የከፈለችው ስንት ወር ነው?» አሉት። ሊሸሽ ሞከረ። ደግመው ጠየቁት። ስልኬን አውጥቼ አስነበብኳቸው፤ መነጽራቸውን ፈልገው አንድ በአንድ ጮክ ብለው አነበቡት። ከዚያ ወዲያ ክርክር አልነበረም።

ስምምነቱ በወረቀት ይሁን አልኩ። «በሽማግሌ ፊት የተባለ ይበቃል» የሚል ማጉረምረም ተነሳ፤ አልበቃኝም። መብራቱና ውሃው በዚያው ቀን እንዲቀጠል፣ ሌላ ቤት እስካገኝ በድሮው ኪራይ እንድቆይ፣ ስወጣም የተረፈው እንዲመለስልኝ ተጽፎ በምስክር ተፈረመ። ገንዘቡን ተቀብዬ ወጣሁ። በአምፖል ሒሳብ ሲወስድብኝ የኖረውን ትርፍ ግን አላገኘሁም፤ ማስረጃ የለውም፣ እንጣላበትም አላልኩ። የሚቆጨኝ የጓሮዎቹ ተማሪዎች ጉዳይ ነው። ከሁለት ወር በኋላ እነሱንም አስወጣቸው፤ ኪራይ የሚሰጡት በእጅ፣ ያለ ደረሰኝ ስለነበር «መቼ ሰጣችሁኝ?» አላቸው።

አሁን የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይበልጥም። ግን ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ እንጅባራም ሆነ ባሕር ዳር፣ ከመፈራረማችሁ በፊት ከተማችሁ ተካትቶ እንደሆነ ከከተማው አስተዳደር ጠይቁ። የቀበሌ ቤት ለሚያከራይ ሰው ግን ምዝገባ ራስን ማጋለጥ ስለሆነ «ይቅርብን፣ በመተማመን እንኑር» ይላችኋል። ያንን የሚላችሁ አከራይ ቤቱ የማን እንደሆነ ነግሯችኋል።

ቀጥዬ የተከራየሁትን ቤት ሳይ ባለቤቲቱን ካርታውን እንዲያሳዩኝ ጠየቅኋቸው።

«ልትገዢው ነው እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ።

«አይ እትዬ፣ ልኖርበት ነው።»

ከቁም ሳጥን አውጥተው አሳዩኝ። ስሙ የእሳቸው ነው። በዚያው ሳምንት ውል ጽፈን ገባሁ፤ ኪራዩ ከድሮው 300 ብር ይበልጣል።