የአንድ ማኪያቶ ዕዳ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ደብሮኛል። ምክንያት የለውም። ነሐሴ ነው እንዳልል ነሐሴ በየዓመቱ ይመጣል፣ በየዓመቱ ግን አይደብረኝም። ብቻ ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። አንድ የሰነበተ ጉዳይ ነበረኝ፣ እሱን ሰበብ አድርጌ ወጣሁ። 

ሜክሲኮ ላይ የፒያሳ ታክሲ ያዝኩ። ከሾፌሩ ጀርባ፣ ሁልጊዜ የምቀመጥባት ቦታዬ። ዝናቡ ጣሪያውን ይወቅጣል፣ መስኮቱ በሰው ትንፋሽ ጉም ለብሷል፣ ወያላው «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል፣ መጠጊያ ግን የለም። ቀና ስል የሾፌሩ መስታወት ላይ አንዲት ዲስክ ተንጠልጥላለች። በቀይ ክር፣ ከአንድ መቁጠሪያ አጠገብ። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ትዞራለች። ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ሲያገኛት ጣሪያው ላይ ቀስተ ደመና ትረጫለች፣ ወዲያው መልሳ ታጠፋዋለች።

ሰው በእንዲህ ዓይነት ዝናብ ስለ ኑሮው ያስባል። እኔ ያሰብኩት «ይቺ ቪሲዲ ናት ወይስ ዲቪዲ?» ብዬ ነው።

ዲስክ የሚለየው በጠርዙ ነው። ይህን ያስተማሩኝ ድሮ ሰፈራችን ቪዲዮ ያከራዩ የነበሩት ጋሼ መ. ናቸው። ዲቪዲ ሁለት ስስ ፕላስቲክ ነው፣ እያንዳንዱ 0.6 ሚሊ ሜትር፣ ተጣብቀው አንድ የሆኑ። ጠርዙን ወደ ብርሃን ብታዞሩት መሐሉ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር ታያላችሁ። ሲዲና ቪሲዲ አንድ ወጥ ነው፣ መስመር የለውም። ባዶውን ተገዝቶ የተገለበጠበት ዲቪዲ ከሆነ ደግሞ ሆዱ ወደ ወይን ጠጅ ይላል። ጋሼ ነጋዴ ሲያመጣላቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጠርዙን በጥፍራቸው ይዳስሱ ነበር። ሽፋኑን አያዩም። «ሽፋኑማ ሁልጊዜ ዲቪዲ ነው» ይላሉ።

አንገቴን አስግጌ ጠርዟን ለማየት ሞከርኩ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ።

«ምነው እህቴ፣ ወራጅ ነሽ?»

«አይ፣ ዲስኳን እያየሁ ነው።»

«ውሰጃት ከፈለግሽ» ብሎ ሳቀ። አጠገቤ ያሉት እናትም ሳቁ። ወደ ቦታዬ ተመለስኩ፣ ሐሳቤ ግን አልተመለሰም።

የጋሼን ቤት የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ዶሮ ማነቂያ፣ ከሥጋ ቤቶቹ አለፍ ብሎ፣ በሩ ላይ መጋረጃ የሌለው ብቸኛው ቤት። ቪዲዮ ኪራይ። እዚያ ቤት ውስጥ የዓለም ቴክኖሎጂ ሁሉ አንድ በአንድ ሲሞት አይቻለሁ። መጀመሪያ የዴክ ካሴት ነበር፣ ሳታጠነጥኑ ከመለሳችሁ 50 ሳንቲም ቅጣት። ቀጥሎ ቪሲዲ መጣ። አንድ ፊልም ሁለት ዲስክ ነው፣ ምክንያቱም አንዱ የሚይዘው 74 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ዱላው ሲጋጋል ዲስኩ ያልቃል፣ ተነስቶ የሚቀይር ሰው ይፈለጋል፣ የሚነሳው ደግሞ ሁልጊዜ ታናሽ ነው። ከዚያ ዲቪዲ። ጋሼ በእያንዳንዱ ለውጥ የድሮውን ዕቃ በኪሳራ ሸጠው አዲሱን ገዝተዋል። ካሴቶቹን የገዛቸው ሰው ለምን እንደፈለጋቸው እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ስለዚህ በ1999 መጨረሻ አካባቢ ጋሼ «ቀጥሎ የሚመጣው የቱ ነው?» ብለው ሲጠይቁ ጨዋታ አልነበረም። የገንዘብ ጥያቄ ነበር። የጠየቁት ደግሞ እኔንና የአክስቴን ልጅ ነው። እኛ አራት ኪሎ ኢንተርኔት ቤት በደቂቃ 25 ሳንቲም እየከፈልን የምናነብ ምሁራን ነበርን። አንድ ገጽ እስኪከፈት ሁለት ብር ይበላል። ሥዕል ካለበት ሦስት።

በዚያን ጊዜ ዲቪዲን የሚተካው የትኛው ዲስክ ነው የሚለው ጦርነት ጦፎ ነበር። በአንድ ወገን ቶሺባ፣ ኤችዲ ዲቪዲ ይዞ። በሌላ ወገን ሶኒና ጓደኞቹ፣ ብሉ ሬይ ይዘው። ሁለቱም በፈረንጅ 2006 ለገበያ የወጡ ናቸው። የሚገርመው ሁለቱም የሚጠቀሙት ያንኑ ሰማያዊ ጨረር ነው፣ ስሙን የወሰደው ግን አንዱ ብቻ። የዲቪዲው ቀይ ጨረር የሞገድ ርዝመት 650 ናኖሜትር ነው፣ የእነዚህ 405። ሞገዱ ሲያጥር የጨረሩ ጫፍ እንደ ተቀረጸ እርሳስ ይሾላል፣ የሾለ እርሳስ ደቃቅ ጽሑፍ ይጽፋል። ስለዚህ እዚያችው መጠኗ ያልተለወጠ ዲስክ ላይ ብዙ ይገባል። ዲቪዲ በአንድ ንጣፍ 4.7 ጊጋባይት ይይዝ ነበር፣ ኤችዲ ዲቪዲ 15፣ ብሉ ሬይ 25።

እኔ ኤችዲ ዲቪዲ ነበርኩ። ማንም ሳያስገድደኝ። ምክንያቴ አቧራ ነው። ብሉ ሬይ ፊልሙ የተጻፈበትን ንጣፍ ከዲስኩ ፊት 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚያርቀው። ኤችዲ ዲቪዲ እንደ ዲቪዲ 0.6። አሁን እናንተው ፍረዱ። ያ ዲስክ ከጋሼ ቤት ይወጣል፣ በጃኬት ኪስ ከቁልፍ ጋር ይጓዛል፣ ሦስት ቤት ይዞራል፣ አንዱ ጋ የሻይ ብርጭቆ ይቀመጥበታል፣ በሦስተኛው ቀን በቀሚስ ጫፍ ተወልውሎ ይመለሳል። ሲንተባተብ ደግሞ በኮልጌት ይታሻል። 0.1 ሚሊ ሜትር ይህን ሁሉ ይችላል? መጀመሪያ ጃፓን ውስጥ የወጡት ብሉ ሬዮች እኮ ራሳቸው እንደ ካሴት በላስቲክ ቤት ውስጥ የተከተቱ ነበሩ! ፈሪዎች። በኋላ ግን ጠንካራ ሽፋን ተሠራለትና ያ ቤት ቀረ። ይህን የአክስቴ ልጅ ነግሮኝ ነበር። አልሰማሁትም።

የእሱ ምክንያት ፕሌይስቴሽን 3 ነው። ማሽኑ ብሉ ሬይ ያጫውታል፣ ስለዚህ ጌም ብሎ የገዛ ሁሉ ሳያውቀው ብሉ ሬይ ቤቱ አስገብቷል አለ። ተፎካካሪውን የጌም ማሽን ኤክስቦክስ 360ን የገዙ ሰዎች ግን የኤችዲ ዲቪዲ ማጫወቻውን ለብቻው መግዛት አለባቸው። ትክክል ነበር፣ ያኔም ገብቶኛል። ግን ፕሌይስቴሽን 3 የት አይቶ ነው? ሰፈራችን ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት አንድ የተጠገነ ፕሌይስቴሽን 2 ነው ያለው፣ መክደኛው ላይ ድንጋይ ተጭኖበት።

ነሐሴ 14 ቀን 1999 ፊልም ሠሪው ፓራማውንት ኤችዲ ዲቪዲን መርጦ ከእኔ ወገን ቆመ። ከእኔ እላለሁ። ለሚሊኒየሙ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር፣ ከተማው በሙሉ መብራት ይሰቅላል፣ እኔ ግን የማከብረው ሌላ ነገር ነው። በዚያ ሞቅታ ውስጥ ጥቅምት ላይ ተወራረድን። አንድ ማኪያቶና አንድ ኬክ፣ ፒያሳ። ጋሼ ዳኛ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። በዚያን ጊዜ እቤታችን የነበረው ቴሌቪዥን ኋላው እንደ ጎተራ የወጣ ባለ 14 ኢንች ነው። ብሉ ሬይም ሆነ ኤችዲ ዲቪዲ 1920 በ1080 ነጥብ ያሳያሉ። የእኛው ሣጥን የዲቪዲውን 720 በ576 እንኳ ተደስቶ አያሳይም ነበር። ጋሼ ቤት የሚፈለገው ዲስክ ደግሞ የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ አንድ ዲቪዲ ላይ አሥር የጃኪ ቻን ፊልም የተጠቀጠቀበት፣ ፊቱ በጭጋግ ውስጥ እንዳለ ሰው የሚታይበት። ጃፓኖቹ አንዱን ፊልም ለማጥራት 25 ጊጋባይት አስፈለገን ብለው ሲጣሉ እኛ አሥሩን 4.7 ላይ ጨርሰን «አሥራ አንደኛው የት ሄደ?» እንል ነበር። የሌሎች ሠርግ ላይ ሄዶ ስለ ወጡ መጣላት ማለት ይኸው ነው። ግን ተጣልተናል። ለሁለት ሳምንት ያልተነጋገርንበት ጊዜ አለ፣ አክስቴ ምክንያቱን ጠይቃ ስንነግራት ጤናችንን ተጠራጥራለች።

አወዳደቄ ፈጣን ነበር። ታኅሣሥ 25 ቀን 2000፣ ለገና ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሌላው ፊልም ሠሪ ዋርነር ከእንግዲህ ብሉ ሬይ ብቻ አለ። የኤችዲ ዲቪዲ ሰዎች ላስ ቬጋስ ላይ የጠሩትን ጋዜጣዊ መግለጫ ሰረዙ። እኔም በዓሉን እህህ እያልኩ አሳለፍኩ። የካቲት 11 ቶሺባ በቃኝ አለ። ይባስ ብሎ በ2009 በፈረንጅ ራሱ ቶሺባ ብሉ ሬይ ካምፕ ገባ። እኔ ኀዘን ላይ ሆኜ እሱ ሌላ አገባ።

ጋሼ ጋ ስንሄድ ሁለታችንንም ሰሙንና የዲስክ ክምራቸውን ማስተካከል ቀጠሉ።

«እና ልግዛ?»

«ብሉ ሬይ ነው ጋሼ፣ ያለቀ ነገር ነው» አለ የአክስቴ ልጅ።

«ይገለበጣል?»

ዝም አልን። ባዶው ዲስክ ምን ያህል እንደሚያወጣ ኢንተርኔት ላይ አይተናል።

«የማይገለበጥ ከሆነ አይመጣም» አሉ። ነገሩ በዚህ አለቀ። እውነትም አልመጣም። እኔ እስከ ዛሬ ፒያሳ ላይ ብሉ ሬይ የሚያከራይ ሰው አላየሁም። የመጣው ሌላ ነው። ጋሼ አንድ ቀን መደርደሪያውን ነቅለው ኮምፒውተር አስቀመጡና በሩ ላይ «ፊልም በፍላሽ እንጭናለን» ብለው ለጠፉ። ጥፍር የምታክል ነገር። ጠርዝ የላትም፣ መስመር የላትም፣ አቧራም አትፈራም። ጋሼም የሚዳስሱት ነገር ስላጡ መሰለኝ ሥራውን ለልጃቸው ተዉለት።

አሁን ያ ሁሉ የለም። ሰፈሩ በ2016 ፈረሰ፣ የቤቱ ቦታ የቱ ጋ እንደነበር ለማወቅ ባለፈው ቆሜ እርምጃ ቆጥሬ አልቻልኩም። አሸናፊውም ቢሆን ብዙ አልተመቸውም። ሳምሰንግ በፈረንጅ 2019 ለአሜሪካ ገበያ አዲስ የብሉ ሬይ ማጫወቻ ማውጣት ተወ። ሶኒ ራሱ በፌብሩዋሪ 2025 ለመቅጃ የሚሆነውን ባዶ ብሉ ሬይ ማምረት አቆመ። ፌብሩዋሪ! ቶሺባ እጅ የሰጠበት ወር። ይህን ሳነብ ፈገግ ብያለሁ፣ አልዋሽም። ከ17 ዓመት በኋላ። አንዳንድ ሰው ቂም የሚይዘው በመሬት ነው፣ እኔ በ0.5 ሚሊ ሜትር ልዩነት።

«የመጨረሻ ነው፣ ውረጂ እህት» አለኝ ወያላው። ፒያሳ ደርሰናል። ለዚያ ለሰነበተው ጉዳዬ መውረድ የነበረብኝ ፖስታ ቤት ጋ ነበር።

ዝናቡ እስኪያባራ አንድ በረንዳ ሥር ቆሜ ለአክስቴ ልጅ ጻፍኩለት። አሁን ባሕር ማዶ ነው፣ ሁለት ልጅ አለው፣ ካወራን ወራት አልፈዋል። «ያቺን የብሉ ሬይ ማኪያቶ አልከፈልኩህም አይደል?» አልኩት። ከሰላምታ በፊት። እንዴት ነህ እንኳ አላልኩም።

ማታ ድምጽ ላከ። መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ እንዲህ አለ፦ «የኔ እህት፣ ምን ነካሽ፣ ዕዳው እኮ የኔ ነው! አንቺ አይደለሽ እንዴ ብሉ ሬይ ያልሽው? በፕሌይስቴሽኑ አፋጠሽኝ። እኔ ነኝ በአቧራ ስከራከር የነበርኩት፣ ጋሼ ሁሉ ስቀውብኛል። ስመጣ ከነወለዱ እከፍልሻለሁ።»

አራት ጊዜ ሰማሁት። እየቀለደ አይደለም።

በአቧራ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። የሻይ ብርጭቆው፣ ኮልጌቱ፣ የቀሚሱ ጫፍ፣ ይህን ሁሉ አሁን ከላይ የጻፍኩላችሁ እኔ ነኝ። ግን ኮልጌት ስታሽ የምትታየኝ እጅ የማን ናት? ትንሽ ወፍራም ናት፣ አውራ ጣቷ ላይ ጠባሳ አለ። እኔ ጠባሳ የለኝም።

ዳኛው ጋሼ ነበሩ። ከፈረሰው ሰፈር ወዴት እንደሄዱ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። እስከዚያ ግን ምን ብዬ ልመልስለት? «ልክ ነህ» ልበልና ማኪያቶዬን ልጠጣ?