ባዝራዋ የጠፋችበት ገጽ

የውጭ ልብወለድ ተርጉማችሁ ለማሳተም የምታስቡ ይህን አንብቡ። እኔን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የመረጥኩት የሩሲያው ደራሲ አንቶን ቼኾቭ እ.ኤ.አ. በ1886 ያወጣውን አጭር ታሪክ ነው። ዮና የሚባል የፒተርስበርግ ባለጋሪ በዚያው ሳምንት ልጁ ሞቶበታል። ተሳፋሪውን ሁሉ ሊያዋይ ይሞክራል፤ የሚሰማው ያጣል። በመጨረሻ ጋጥ ገብቶ ሐዘኑን ለባዝራው ይነግራታል።

የመብቱ ጉዳይ አላስቸገረኝም። በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃው ደራሲው ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው፤ ቼኾቭ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። ከእንግሊዝኛ የምትተረጉሙ ግን የእንግሊዝኛውንም ተርጓሚ ቁጠሩ። የእኔዋ፣ ኮንስታንስ ጋርኔት፣ እ.ኤ.አ. በ1946 ነው ያረፈችው።

ደሴ ቤቴ ተቀምጬ በሦስት ወር ጨረስኩ። ከዚያ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ለማውቃቸው አንድ ሽማግሌ ባለጋሪ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰምተው ሲያበቁ፣

«ልጄ፣ ወንድ ፈረስ ከየት አምጥቶ ይወልዳል? ባዝራ ናታ! ልጅ የሞተበት ሰው፣ የወለደች ካልሆነች ለማን ይነግራል?» አሉኝ።

እንግሊዝኛው እንስቷን በራሷ ስም ሲጠራት እያየሁ እኔ ከዳር እስከ ዳር «ፈረሱ» ብዬ ኖሯል። ዮና «ውርንጭላ ቢኖርሽ፣ አንቺው የወለድሽው፣ ድንገት ቢሞትብሽ አያሳዝንሽም?» ይላታል፤ እሷም ድርቆሿን እያላመጠች እጁ ላይ ትተነፍሳለች። ታሪኩ ያለው እዚያ ነው። ደሴ ተመልሼ ግሱን ሁሉ እያገላበጥኩ እንደገና ጻፍኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም።

አሳታሚው ጋ ያለው አርታኢ ግን «ባዝራን ዛሬ ማን ያውቃል?» ብሎ ሳይነግረኝ በኮምፒውተር ባንድ ጊዜ «ፈረሱ» አደረገው። «ፈረሷ» ቢላት እንኳ በተጽናናሁ! ቀጥሎ ሌላ እጅ ገባና «ግሱ ከባለቤቱ አልተስማማም» ብሎ አንቺን ሁሉ አንተ አደረገ። ታትሞ ሲመጣ ዮና «አንተው የወለድከው ውርንጭላ» ይላል። 500 ቅጂ።

ስደውልለት «ቃል ለሰፊው አንባቢ ይቅለል የሚል መመሪያ አለን» አለኝ። አልቀበለውም። ባዝራን የማያውቅ አንባቢ ሁለት ገጽ ሳይሄድ ያውቃታል፤ ደራሲው ያስቀመጣትን እናት ከገጹ ካወጣናት ግን የሚያነበው ነገር አልቀረለትም።

የሚያንገበግበኝ የራሴ ፊርማ ነው። የመጨረሻው እርማት በስልኬ ሲላክልኝ ሰኞ ገበያ መሐል ነበርኩ። አሥር ገጽ አይቼ «ይታተም» አልኩ፤ ማተሚያ ቤቱ ወረፋ ያልፍሃል ስላለኝ ቸኮልኩ። ወረፋው ይለፋችሁ! የመጨረሻውን እርማት በወረቀት አስወጥታችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁ፣ ከመጨረሻው ገጽ ጀምራችሁ አንብቡት። ከዚያ በፊት ደግሞ ለሥነ ጽሑፍ ሰው ሳይሆን ሥራውን ለሚሠራው ሰው አንብቡለት።

ያልተሸጡትን 312 ቅጂዎች ገንዘቤን ከፍዬ አስመልሻለሁ። በያንዳንዱ ላይ የሚታረም ዘጠኝ ቦታ አለ። ማታ ማታ በብዕር አርማለሁ፤ ትናንት 140ኛው ላይ ደረስኩ።